ሩት ቤኔዲክት፤ ባህል ሰውን እንዴት እንደሚቀርጽ የመረመረች ሊቅ

የሰው ልጅ ሁሉ እያለቀሰ ይወለዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚያስለቅሰውና የሚያስቀው ነገር እንደየአገሩ ይለያያል። በአንዱ አገር ትሕትና የተባለው በሌላው አገር ፍርሃት ይባላል፤ አንዱ ሕዝብ ጀግና ብሎ የሚያወድሰውን ሌላው ጠበኛ ብሎ ይሸሸዋል። አባቶቻችንም እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ በማለት ነገሩን በአጭሩ ነግረውናል። ይሁን እንጂ አገር በልጆቹ ጠባይ ላይ ይህን የመሰለ ሥልጣን ያገኘው ከምን የተነሣ ነው? የሰው ጠባይ ከደሙ የሚወርሰው ነውን? ወይስ ከወላጆቹና ከጎረቤቶቹ የሚማረው? ጠባዩ ከአገሩ ልማድ ጋር ያልገጠመለት ሰውስ ዕጣው ምን ይሆናል?

እነዚህን ጥያቄዎች በጥልቅ ከመረመሩት ሊቃውንት መካከል አንዷ ሩት ቤኔዲክት የተባለች አሜሪካዊት ናት። የተሰማራችበት ትምህርት አንትሮፖሎጂ ይባላል፤ ይኸውም የሰውን ልጅ አኗኗር፣ ቋንቋ፣ እምነትና ልማድ የሚመረምር ጥናት ነው። ሩት ካረፈች ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ነገር ግን ያነሣቻቸው ጥያቄዎች ከእርስዋ ጋር አልተቀበሩም። ስለዚህ የሕይወቷን ታሪክ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አንባብያን ማቅረብ መልካም መስሎ ታይቶኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሩት ፉልተን በጁን ወር 1887 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ተወለደች። አባቷ ፍሬድሪክ ፉልተን ሐኪም ነበር። እናቷ ቢያትሪስ ሻታክም በዚያ ዘመን ለጥቂት ሴቶች ብቻ የተፈቀደውን የኮሌጅ ትምህርት የፈጸመች ሴት ነበረች። አባትዮው በጠና ታሞ በ1889 ዓ.ም. ሲሞት ሩት ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር፤ ታናሽ እኅቷ ማርጀሪም የጥቂት ወራት ሕፃን ነበረች። እናቲቱ ሩትን ይዛ ወደ አስከሬኑ ቀረበች፤ የአባቷን ፊት እንዳትረሳ እያለቀሰች ለመነቻት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሞተበት ወር በደረሰ ቁጥር እናትየው ኀዘኗን እንደ አዲስ ታነሣው ነበር። ሕፃኒቱ ግን የእናቷን ዋይታ ትጠላ፣ የሟቹን የረጋ ፊት ደግሞ ትወድ እንደ ነበረ ኋላ ስለ ልጅነቷ በጻፈችው ታሪክ ገልጻለች። ስለዚህ ገና ከሕፃንነቷ ዓለም ለእርስዋ በሁለት የተከፈለች ሆነች፤ በአንድ ወገን ጸጥታ፣ በሌላው ወገን ሁከት።

ከዚህም ሌላ በሕፃንነቷ የያዛት ኩፍኝ የጆሮዋን የመስማት ኃይል ቀንሶት ነበር። ቤተ ሰቧ ይህን ሳያውቅ ብዙ ጊዜ አለፈ፤ ሲጠሯት ዝም የምትለው ከእልኸኝነት የተነሣ ይመስላቸው ስለ ነበረ ትቀጣ ነበር። ነገሩ የታወቀው ለትምህርት በደረሰች ጊዜ ነው። መስማት የማይችል ልጅ በሰዎች መካከል እየኖረ ብቻውን ነው፤ የሚናገሩትን ከከንፈራቸው፣ የሚያስቡትን ከፊታቸው መገመት አለበት። ሩትም ይህን ልማድ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አልተለየችውም። ምናልባትም ሰውን ከሩቅ አጥርቶ የማየት ችሎታዋን ያገኘችው ከዚሁ ጉድለቷ ሊሆን ይችላል።

እናቲቱ ሁለቱን ልጆቿን ለማሳደግ ከአገር አገር እየተዘዋወረች ሠራች። መጀመሪያ በአያቶቻቸው እርሻ አጠገብ በምትገኘው በኖርዊች ከተማ፣ ቀጥሎም በሚዙሪና በሚኔሶታ ክፍላተ ሀገር አስተማረች፤ በመጨረሻም በበፋሎ ከተማ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቀጠረች። ኑሯቸው ጠባብ ቢሆንም ልጆቹ ጎበዝ ተማሪዎች ስለ ነበሩ ሁለቱም ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው በ1905 ዓ.ም. ቫሳር ወደ ተባለው የሴቶች ኮሌጅ ገቡ። ሩት የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አጥንታ በ1909 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቀች።

አሁን እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች እርስ በርሳችን የምንጠያየቀው ጥያቄ፣ ማለት ከትምህርት በኋላ ምን እሆናለሁ የሚለው አሳብ፣ ሩትንም ለብዙ ዓመታት አስጨንቋታል። በዚያ ዘመን ለተማረች ሴት የተከፈቱት በሮች ጥቂቶች ነበሩ። አንድ ዓመት በበፋሎ ድኾችን በሚረዳ ማኅበር ሠራች፤ ከዚያም ካሊፎርኒያ ወርዳ በሴቶች ልጆች ትምህርት ቤቶች አስተማረች። ሁለቱም ሥራዎች ልቧን አላረኩትም። በ1914 ዓ.ም. ስታንሊ ቤኔዲክት የተባለውን የኬሚስትሪ ሊቅ አገባች። በኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ስኳርን ለመለየት የምንጠቀምበት፣ ሲሞቅ ከሰማያዊነት ወደ ጡብ ቀለም የሚለወጠው የቤኔዲክት ፈሳሽ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። ስለዚህ ብዙ ተማሪ ሳያውቀው የሩትን ባል ስም በየዓመቱ ሲጠራ ይኖራል።

ትዳሩ እንደ ተመኘችው አልሆነላትም። ልጅ ለመውለድ ብትጓጓም አልወለደችም፤ ሐኪሞች የሚያደርጉላት ሕክምናም ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነበር። ባሏ በቤተ ሙከራው ሲጠመድ እርስዋ በቤት ውስጥ ብቻዋን ትውል ነበር። አን ሲንግልተን በሚል የብዕር ስም ግጥም ጻፈች። ለሴቶች መብት ስለ ተሟገተችው እንግሊዛዊት ስለ ሜሪ ዎልስቶንክራፍት ረጅም ታሪክ ጽፋም ለአሳታሚ ላከች፤ አሳታሚው ግን አልተቀበላትም። ዕድሜዋ ከሠላሳ ዓልፎ የሕይወቷ ሥራ ምን እንደ ሆነ ገና አላወቀችም ነበር።

በ1919 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ አዲስ ወደ ተከፈተ የትምህርት ተቋም ገብታ የአንትሮፖሎጂ ትምህርት መከታተል ጀመረች። መጀመሪያ ጊዜ ለማሳለፍ ያህል ብቻ የጀመረችው ትምህርት ልቧን ማረከው። መምህራኗም ችሎታዋን ተመልክተው በ1921 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ ወደሚያስተምረው ወደ ፕሮፌሰር ፍራንዝ ቦአስ ላኳት። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 34 ዓመት ነበር።

ስለ ቦአስ ጥቂት ሳይናገሩ ስለ ሩት መናገር አይቻልም። ቦአስ በ1858 ዓ.ም. በጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተ ሰብ የተወለደ ሲሆን፣ በወጣትነቱ በሰሜን ካናዳ በበረዶው ምድር ከኤስኪሞዎች ጋር ከርሞ የአንድን ሕዝብ አኗኗር በቅርብ የማየትን ጥቅም ተረድቶ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ምሁራን ሕዝቦችን እንደ መሰላል ደረጃ ከታች ወደ ላይ ደርድረው፣ ነጩን ዘር ከመሰላሉ ጫፍ ያስቀምጡት ነበር። ቦአስ ይህን አሳብ በሙሉ ኃይሉ ተቃወመ። ዘር ሌላ፣ ቋንቋ ሌላ፣ ባህልም ሌላ መሆኑን አስረዳ፤ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ታሪክ ስላለው በራሱ መለኪያ መታየት እንዳለበት አስተማረ። በ1933 ዓ.ም. ናዚዎች በጀርመን አገር ካቃጠሏቸው መጻሕፍት መካከል የእርሱም ይገኙበታል።

ሩት በቦአስ እጅ ተምራ በ1923 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ አገኘች። የጥናቷም ርእስ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ለእያንዳንዱ ሰው ጠባቂ መንፈስ አለው ብለው ስለሚያምኑት እምነት ነበር። ከዚያም ወደ ነባሮቹ ሕዝቦች መንደር እየሄደች ታሪካቸውን መሰብሰብ ጀመረች። በ1922 ዓ.ም. በደቡብ ካሊፎርኒያ ወደ ሴራኖዎች፣ በ1924 እና በ1925 ዓ.ም. በኒውሜክሲኮ ወደ ዙኒዎች፣ በ1927 ዓ.ም. በአሪዞና ወደ ፒማዎች ሄደች። ጆሮዋ ስለማይረዳት ቋንቋቸውን እንደ ሌሎቹ አጥኚዎች በመስማት ለመማር አልቻለችም፤ ስለዚህ በአስተርጓሚ አማካይነት ከሽማግሌዎች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ተረታቸውን፣ ጸሎታቸውንና ሥርዐታቸውን ቃል በቃል ትጽፍ ነበር። ከዙኒዎች የሰበሰበችው ተረትና አፈ ታሪክ በ1935 ዓ.ም. በሁለት ቅጽ ታትሟል።

በካሊፎርኒያ ሳለች አንድ ሽማግሌ የነገራት ምሳሌ ከልቧ አልጠፋም። ይህ ሰው ክርስትናን የተቀበለና በመስኖ ፍሬ የሚያለማ የጎሣ አለቃ ነበር። ለእርስዋም ሲገልጽላት፣ እግዚአብሔር በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሕዝብ የሸክላ ጽዋ እንደ ሰጠ፣ እያንዳንዱም ሕይወቱን በዚያ ጽዋ ይጠጣ እንደ ነበረ፣ የእነርሱ ጽዋ ግን አሁን እንደ ተሰበረ ነገራት። ሩት ከዚህ የተረዳችው የአንድ ሕዝብ ባህል የተለያዩ ልማዶች ክምችት ብቻ እንዳልሆነ ነው። ጽዋ አንድ ቅርጽ አለው፤ ሲሰበር ስባሪው ሁሉ ቢለቀምም ውኃ አይዝም።

ይህ አሳብ ተብላልቶ በ1934 ዓ.ም. የባህል ቅርጾች በተባለው መጽሐፏ ወጣ። መጽሐፉ የተጻፈው ለሊቃውንት ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም አንባቢ በመሆኑ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ በዓለም ላይ እጅግ ከተነበቡት የአንትሮፖሎጂ መጻሕፍት አንዱ ለመሆን በቃ። ሩት በዚህ መጽሐፍ እንዳስረዳችው የሰው ልጅ ሊሆን የሚችለው ነገር ብዙ ነው፤ ሊቆጣ፣ ሊታገሥ፣ ሊፎካከር፣ ሊተባበር፣ ሊጠረጥር፣ ሊያምን ይችላል። ማንኛውም ሕዝብ ይህን ሁሉ በአንድነት አያዳብረውም። ጥቂቱን ይመርጣል፤ የመረጠውንም በልጆች አስተዳደግ፣ በጋብቻ፣ በሃይማኖት፣ በሥራና በበዓል እየደጋገመ ያጸናዋል። ሕፃኑም ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በዚያ ቅርጽ ውስጥ ያድጋል፤ ሲጎለምስም የአገሩ ልማድ የራሱ ጠባይ ይመስለዋል።

ይህንንም ለማስረዳት የሦስት ሕዝቦችን አኗኗር ጎን ለጎን አቀረበች። የመጀመሪያዎቹ እርስዋ ራስዋ ያየቻቸው ዙኒዎች ናቸው። እነዚህ በደረቅ ምድር በቆሎ እየዘሩ የሚኖሩ፣ ስለ ዝናም አብዝተው የሚጸልዩ ሕዝብ ናቸው። በእነርሱ ዘንድ የተመሰገነ ሰው ማለት ረጋ ያለ፣ ራሱን ከሌላው በላይ የማያደርግ፣ ሥልጣን ሲሰጡት እንኳ እምቢ የሚል ሰው መሆኑን ጻፈች። በሩጫ ውድድር ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ሰው ከውድድሩ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ሥልጣን የሚወድ ሰውም በመተት ሊጠረጠር ይችላል። ሚስት ባሏን ለመፍታት ስትፈልግ ያለ ብዙ ጠብና ጩኸት ዕቃውን ጠቅልላ ደጃፍ ላይ ታኖርለታለች፤ እርሱም ይህን ባየ ጊዜ ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል።

ሁለተኞቹ ከኒውጊኒ ምሥራቅ በምትገኝ ደሴት የሚኖሩት የዶቡ ሰዎች ናቸው። እነዚህን ያጠናው ሪዮ ፎርቹን የተባለ የኒውዚላንድ ተወላጅ ነው። እርሱ እንደ ጻፈው የዶቡ ሰው ጎረቤቱን አያምንም። የአንዱ ቦዬ እርሻ ካማረ የሌላውን ቦዬ በመተት ሰርቆ ነው ይባላል። ባልና ሚስት አንዱን ዓመት በባል መንደር፣ የሚቀጥለውን ዓመት በሚስት መንደር ስለሚኖሩ ከሁለት አንዳቸው ሁልጊዜ በባዕዳን መካከል ናቸው፤ ከሁለት አንዱ ቢሞትም በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በሕይወት የቀረው ነው።

ሦስተኞቹ በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚኖሩት ቦአስ ለብዙ ዓመታት ያጠናቸው ክዋኪዩትሎች ናቸው። ባሕሩ ዓሣን፣ ጫካው እንጨትን በብዛት ስለሚሰጣቸው ሀብታሞች ነበሩ። ክብራቸውን የሚያሳዩት ግን ሀብትን በማከማቸት ሳይሆን በመበተን ነበር። አንዱ አለቃ ታላቅ ግብዣ አድርጎ ለተቀናቃኙ ብዙ ብርድ ልብስ ይሰጠዋል፤ ተቀባዩም ወለዱን ጨምሮ መመለስ ካልቻለ ይዋረዳል። አንዳንድ ጊዜ ባለግብዣው የዓሣ ዘይት በእሳት ላይ እያፈሰሰ፣ በብዙ ሺህ ብርድ ልብስ የሚገመተውንም የመዳብ ሰሌዳ እየሰበረ ተቀናቃኙን ያሳፍራል።

ሩት የረጉትን ዙኒዎች ከግሪኩ ጣዖት ከአፖሎ፣ የሚነሸጡትን ክዋኪዩትሎች ደግሞ ከዲዮኒሶስ ጋር አመሳሰለቻቸው። ይህን አጠራር የወሰደችው ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከኒቼ ነው። የሕይወት ታሪኳን ያጠኑ ሰዎች ግን ከዚህ አከፋፈል በስተ ጀርባ የሞተውን አባቷን የረጋ ፊትና የእናቷን ዋይታ ያያሉ።

በመጽሐፉ ውስጥ እጅግ የሚያሳስበው ክፍል በመጨረሻ ያለው ነው። ሩት በዚህ ክፍል ስለ ባህሉ ሳይሆን ባህሉ ስላልገጠመለት ሰው ትናገራለች። በዶቡ ደሴት አንድ ደስተኛ፣ ሥራ ወዳድ፣ ሰውን መርዳት የሚወድ ሰው ነበረ። በሌላ አገር ቢሆን ደግ ሰው ተብሎ በተመሰገነ ነበር፤ በዶቡ ግን ሁሉም እንደ ቂል ይቆጥረውና ይሥቅበት ነበር። ራእይ አያለሁ የሚል ሰው በአንዱ አገር ሕመምተኛ፣ በሌላው አገር ቅዱስ ይባላል። እንግዲህ ሩት እንዳለችው ከመንገድ ወጣ ብለን የምንሥቅበት ወይም የምናርቀው ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በተሳሳተ ስፍራ መወለዱ ብቻ ነው። ልጅ ሳለች ሰምታ ዝም ያለች መስሎአቸው ይቀጧት የነበረችው ሩት ይህን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ አልተማረችውም።

በዩኒቨርስቲው ውስጥ የነበራት ስፍራ ከሥራዋ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ባል ያላት ሴት ደመወዝ አያስፈልጋትም በሚል አሳብ ለብዙ ዓመታት በአነስተኛ ክፍያና በየዓመቱ በሚታደስ ቅጥር አስተማረች። ከባሏ ከተለያየች በኋላ በ1931 ዓ.ም. ረዳት ፕሮፌሰር ሆነች። ቦአስ በ1936 ዓ.ም. በጡረታ ሲወጣ የክፍሉን ሥራ በተጠባባቂነት መርታለች፤ ቋሚው ሹመት ግን ከውጭ ለመጣ ወንድ ሊቅ ተሰጠ። እርስዋ ግን ተማሪዎቿን ከማገልገል አልተቆጠበችም። ከእነርሱም መካከል ማርጋሬት ሚድ ከሁሉ ይልቅ ዝነኛ ሆናለች፤ ሁለቱም እስከ ሞት ድረስ ወዳጆች ነበሩ።

ከዚያም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በዘር ትምክህት ላይ የቆመ መንግሥት አውሮፓን በሚያቃጥልበት ወራት ሩት ዝም ብላ ልትቀመጥ አልቻለችም። በ1940 ዓ.ም. ስለ ዘር ሳይንስና ፖለቲካ መጽሐፍ አሳተመች። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ ጂን ዌልትፊሽ ከተባለች ባልደረባዋ ጋር ስለ ሰው ልጆች ዘሮች ትንሽ መጽሐፍ ጽፋ አወጣች። ወታደሮች እንዲያነቡት በቀላል ቃልና በሥዕል የተዘጋጀው ይህ ጽሑፍ የሰው ዘር ሁሉ አንድ መሆኑን፣ የአእምሮ ችሎታም በቆዳ ቀለም እንደማይወሰን ያስረዳ ነበር። ለማስረጃም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ወታደሮች የተሰጠውን የአእምሮ ፈተና ጠቀሰች። በዚያ ፈተና ከኒውዮርክ፣ ከኢሊኖይና ከኦሃዮ የመጡ ጥቁሮች ከሚሲሲፒ፣ ከኬንታኪና ከአርካንሳ ከመጡ ነጮች የበለጠ ውጤት አግኝተው ነበር። ምክንያቱ ደም ሳይሆን ትምህርት ቤትና ኑሮ መሆኑን አስረዳች።

ይህ እውነት አንዳንድ ሰዎችን አስቆጣ። በ1944 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት አባሎች ተቃውሞ በማንሣታቸው ጽሑፉ ለወታደሮች እንዳይታደል ተከለከለ። ዘረኝነትን ለመውጋት የዘመተ ሠራዊት ስለ ዘር እኩልነት እንዳያነብ መከልከሉ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው። ነገር ግን ክልከላው ጽሑፉን ይበልጥ አስታወቀው፤ ሕዝቡም በብዛት እየገዛ አነበበው። በ1946 ዓ.ም.ም ከዚሁ ጽሑፍ የተወሰደ የካርቱን ፊልም ተሠራ።

በጦርነቱ ዓመታት ሩት ወደ ዋሽንግተን ተጠርታ በመንግሥት የጦርነት ማስታወቂያ መሥሪያ ቤት ትሠራ ነበር። እዚያም ስለ ታይላንድ፣ ስለ ሩማንያና ስለ ሆላንድ ጥናቶች አዘጋጀች፤ በ1944 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓንን ሕዝብ ጠባይ እንድታጠና ታዘዘች። ጦርነት ስለ ነበረ ጃፓን መሄድ አይቻልም፤ እርስዋም ጃፓንን አይታ አታውቅም፤ ቋንቋውንም አታውቅ። ታዲያ አንድን ሕዝብ ከሩቅ ማጥናት እንዴት ይቻላል? በአሜሪካ የሚኖሩ ጃፓናውያንን ጠየቀች፤ የጃፓንን ፊልሞች ከእነርሱ ጋር እያየች የእያንዳንዱን ሥራ ምክንያት እንዲያስረዷት አደረገች፤ ልብ ወለዶችንና የታሪክ መጻሕፍትን አነበበች። ለአሜሪካውያን እንግዳ የሆነባቸውን ነገር ሁሉ እየመዘገበች ለጃፓናውያን ግን ለምን ተገቢ እንደ መሰላቸው መረመረች።

የዚህ ጥናት ፍሬ በ1946 ዓ.ም. የአበባውን ስም ከሰይፍ ጋር አጣምሮ በሚጠራው መጽሐፏ ታተመ። በዚያም ጃፓናዊ ከወላጆቹ፣ ከመምህሩና ከንጉሠ ነገሥቱ የተቀበለው ውለታ እንደ ዕዳ እንደሚከብደው፣ ሕይወቱንም ያንን ዕዳ በመክፈል እንደሚያሳልፍ ገለጸች። ደግሞም አንዳንድ ሕዝብ ከክፉ ሥራ የሚታገደው በኅሊናው ወቀሳ፣ ሌላው ግን ሰዎች ምን ይሉኛል በማለት እንደ ሆነ ጻፈች። እኛ በአማርኛ ይሉኝታ የምንለው ቃል ስላለን ይህን አሳብ ለመረዳት ከአሜሪካውያን ይልቅ አይቸግረንም። ስለ ልጆች አስተዳደግም ያመለከተችው ነገር አለ። በአሜሪካ ሕፃን በሥርዐት ተይዞ ያድጋል፤ ነጻነቱ የሚበዛው በጎልማሳነቱ ነው። በጃፓን ግን እጅግ ነጻ የሆኑት ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው፤ የግዴታው ቀንበር የሚከብደው በመካከለኛው ዕድሜ ነው።

መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. በጃፓንኛ ተተርጉሞ በዚያው አገር እጅግ ብዙ አንባቢ አገኘ። የተሸነፈ ሕዝብ በአሸናፊው አገር ሰው የተጻፈለትን መልኩን በመስተዋት እንደሚያይ ሆኖ አነበበው። አንዳንዱ ተደነቀ፤ አንዳንዱም ተቃወመ።

ሩት በ1947 ዓ.ም. የአሜሪካ አንትሮፖሎጂስቶች ማኅበር ፕሬዚደንት ሆና አገለገለች፤ በኮሎምቢያም የተለያዩ ሕዝቦችን ባህል የሚያጠና ሰፊ የምርምር ሥራ መሠረተች። በ1948 ዓ.ም. ዩኒቨርስቲው የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕርግ ሰጣት። በዚያው ክረምት በቼኮዝሎቫኪያ በተደረገ የዩኔስኮ ጉባኤ ላይ ለመገኘት ወደ አውሮፓ ሄደች። ከጉዞዋ በተመለሰች በጥቂት ቀናት ልቧ ታመመ፤ በሴፕቴምበር 17 ቀን 1948 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ በ61 ዓመቷ ዐረፈች። የተገባትን ማዕርግ ከተቀበለች ገና ጥቂት ወራት ብቻ ሆኗት ነበር። በ1959 ዓ.ም. ማርጋሬት ሚድ የሩትን ደብዳቤዎች፣ ግጥሞችና ልዩ ልዩ ጽሑፎች ሰብስባ አሳተመች፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ሥዕሏ ያለበት የፖስታ ቴምብር አወጣ።

ሊቅን ማክበር ማለት የተናገረውን ሁሉ ሳይመረምሩ መቀበል ማለት አይደለም። የሩትም ሥራ ብዙ ነቀፌታ ደርሶበታል። ሊ አንቼ የተባለው ቻይናዊ ምሁር በዙኒዎች መንደር ተቀምጦ ከተመለከተ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ዙኒዎችም እንደ ማንኛውም ሰው ሥልጣን እንደሚመኙና እንደሚፎካከሩ፣ ትሕትናቸውም ምኞት አለመኖሩን እንደማያመለክት ገለጸ። የጃፓኑ ፈላስፋ ዋትሱጂ ቴትሱሮ የጥቂት ወታደሮችን አስተሳሰብ የሕዝቡ ሁሉ አድርጋ አቅርባለች በማለት ወቀሳት። በ1952 ዓ.ም.ም አንቶኒ ዋላስ የተባለ አሜሪካዊ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ከሚኖሩት ከቱስካሮራ ሕዝብ 70 ሰዎችን በቀለም ነጠብጣብ ሥዕል ፈተነ። ይህ ፈተና ሰው በሥዕሉ ውስጥ የሚታየውን በመናገር ጠባዩን የሚገልጽበት ነው። የሕዝቡ የጋራ ጠባይ ነው ሊባል በሚችለው ክፍል ውስጥ የተገኙት ግን 26 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በአንድ ትንሽ ሕዝብ መካከል እንኳ አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው የሚለያዩ ከሆነ፣ የአንድ አገር ሕዝብ ሁሉ አንድ ጠባይ አለው ማለት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከእርስዋ በኋላ የተነሡት አጥኚዎች ባህልን ብቻ ሳይሆን በባህሉ ውስጥ ያለውን የእያንዳንዱን ሰው ልዩነት አብረው መመርመር ጀመሩ።

ይህ ዓይነቱ ጥናት ወደ አገራችንም ደርሷል። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ በኢትዮጵያ ተቀምጦ የአማራን ሕዝብ ባህልና ጠባይ አጥንቶ በ1965 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለጥናቱ ስም የሰጠው በቅኔያችን ሰምና ወርቅ ነው። በእርሱም ጽሑፍ ላይ የአገራችን ምሁራን ብዙ ተከራክረዋል። ስለ እኛ የተጻፈውን ማንበብ፣ ትክክል ያልሆነውን በማስረጃ ማረም፣ ትክክል የሆነውንም ባይጣፍጠን መቀበል የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው።

ከሩት ቤኔዲክት ሕይወት የምንማረው ነገር ብዙ ነው። ጆሮዋ ባይሰማም ከብዙ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ይልቅ ሰውን አዳመጠች። የሕይወቷን ሥራ ያገኘችው ዘግይታ ስለ ሆነ፣ ዛሬ መንገዳችን ያልታየን ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባን ታስተምረናለች። ከሁሉ በላይ ግን ፍርዳችንን እንድናዘገይ ትጠይቀናለች። በአንድ ክፍል ውስጥ ከልዩ ልዩ አውራጃና ቤተ ሰብ የመጣን ብዙ ነን። አንዱ ዝምተኛ፣ አንዱ ተናጋሪ ነው፤ የአንዱ አበላል፣ የአንዱ ሰላምታ፣ የአንዱ አነጋገር ለሌላው እንግዳ ይመስላል። በጓደኛችን ከመሣቃችን በፊት እርሱ ያደገበትን ቤት እንጠይቅ፤ ደግሞም የእኛ ልማድ ለእርሱ እንዴት እንደሚታየው እናስብ። ከቡድናችን ጋር ያልገጠመውን ልጅ ደግሞ ብቻውን አንተወው። እኛ ጉድለት ያልነው ነገር በሌላ ስፍራ ስጦታ ሊሆን ይችላልና።

ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ደግሞ በየቀኑ የሚያደርጉልን ነገር፣ ማለት የሚያመሰግኑንና የሚገሥጹን፣ የሚነግሩን ተረትና የሚሰጡን ሥራ፣ ነገ የምንሆነውን ሰው እንደሚቀርጽ የሩት መጽሐፍ ያስታውሳቸዋል። ጽዋው በእጃቸው ነው፤ እኛም በተራችን ለሚመጡት እናቀብለዋለን።